አራቱ ዲዳ ኮይሎች

ቀይዋ መኪና አራተኛ ማርሽ ላይ ማሳል ከጀመረች ሰንብታለች። ሶልያና ቤንዚኑን ረገጥ ስታደርግ ቱርቦው ማፏጨት ይጀምራል፣ ወንበሩ ጀርባዋን ይገፋል፣ ልክ ጉልበቱ መጣ ሲባል ሞተሩ አጥንት ጉሮሮው ላይ እንደቆመበት ሰው እህ እህ ይልና ይንገጫገጫል። ከኋላ ጥቁር ጭስ ቡልቅ ይላል። ጥቁር ጭስ ደግሞ በአሮጌው የአዳማ መንገድ ላይ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤንዚን የምትጠጣ መኪና መንዳት የሚፈቀደው በዚህ መንገድ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ሌላው ሕዝብ ራሷን በምትነዳ መኪና ውስጥ እየተኛ ይሄዳል። ደንቡ አጭር ነው፦ የምታጨስ መኪና ሁለት ጊዜ ትመከራለች፣ በሦስተኛው ማቅለጫ ትገባለች። የሶልያና መኪና ሁለቱንም ምክር ጨርሳለች።

«ዛሬም አሳለች» አለች ሶልያና፣ ማርሹን እየቀነሰች።

«ማን?» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ባሏ ናታን።

«በርበሬ ናት እንጂ።» የመኪናዋ ስም ነው፤ ያወጣላት ራሱ ናታን ነው።

«ጉንፋን ይሆናላ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ባሏ ሲቀልድና ሲረሳ ለመለየት መሞከር ከተወች ቆይታለች።

ለአንዲት አሮጌ መኪና ይህን ያህል መጨነቅ ምን የሚሉት ነው የሚል ሰው፣ ሌላውን ኑሯቸውን ስላላየ ነው። በዚያ ዘመን ዲዳ ዕቃ የለም። ማንቆርቆሪያው ስንት ኩባያ እንደተጠጣ ይናገራል፤ ፍራሹ ማን እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ እንዳደረ ይናገራል፤ የበሩ እጀታ የማን እጅ እንደተንቀጠቀጠ ይናገራል። የሚናገሩት ሁሉ ለአደራ ቢሮ ነው። ሰው ለምዶታል። ልጆች ቁርስ ሲቀርብላቸው ማንኪያውን ደህና አደርክ ይሉታል። ጎረቤት ጎረቤቱን ማማት ያቆመው ስለጸደቀ ሳይሆን ስኒው ስለሚሰማ ነው።

የአደራ ቢሮ ክፉ መሥሪያ ቤት አይደለም። የሚረሳ ሰው ሲያገኝ ወደ ማረፊያ ይወስደዋል። ማረፊያው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ጨው አይበዛበትም፣ የሚያደናቅፍ ደረጃ የለውም። ቤተሰብ ሲያዩ ይረበሻሉ ስለሚባል ጠያቂ የሚገባው በዓመት በዓል ብቻ ነው። ተመልሶ የመጣ ሰው ስለሌለ፣ እዚያ መኖር እንዴት ነው ተብሎ የሚጠየቅ አልተገኘም።

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ባለበት ቤት ምድጃው ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ቀኑ ማን ነው፣ ከትናንት ወዲያ ማን መጣ፣ የልጅዎ ስም ማን ነው። መልሱ ግን በሽማግሌው በራሱ ድምፅ መሆን አለበት። ሶልያና ለቀኑ መላ አበጅታለታለች። ሰኞ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ማክሰኞ አረንጓዴ፣ ረቡዕ ቢጫ እያለች ታለብሰዋለች፤ ናታን ደረቱን አየት ያደርግና በልበ ሙሉነት ይመልሳል። ሌሎቹን ጥያቄዎች ግን በሸሚዝ መወጣት አይቻልም። ማጥናት ያስፈልጋል። ምድጃው፣ ፍራሹና የበሩ እጀታ በሚሰሙበት ቤት ባልን እንደ ተማሪ ማስጠናት ደግሞ ራስን መጠቆም ነው።

በርበሬ የተሠራችው ዕቃ አፍ ከመፍታቱ በፊት ነው። ሞተሯ ይጮኻል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ሶልያና ትነዳለች፣ ናታን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ አፍኖ የያዘውን ጥያቄ ሁሉ ይዘረግፈዋል። ያፌት የኛ ልጅ ነው ወይስ የወንድሜ? የት ነው የሚሠራው? ይህን ቤት መቼ ነው የገዛነው? እሷ ትመልሳለች፤ እንዲደግመው ታደርጋለች፤ ሲሳሳት ታርመዋለች፤ ሲያስታውስ ጉልበቱን ቸብ ታደርገዋለች። እንደ አዲስ ተጋቢ የሚሳሳቁባቸው ጊዜያትም ነበሩ።

አንዱ ጥያቄ ግን አያስቅም።

«ሶሊ፣ እናቴ የት ናት?»

መጀመሪያ መጀመሪያ ትዋሸው ነበር። ምድጃው አንድ ቀን ይህንኑ ሊጠይቀው እንደሚችል ስታስብ ግን ውሸቱን ተወችው።

«እናትህ ካረፉ ቆይተዋል ናታዬ።»

«ሞተች?» ይላል። ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍንና ያለቅሳል። በሌላው እሑድም ይጠይቃል፣ ያለቅሳል። እናቱ በየሳምንቱ ትሞትበታለች፤ ሶልያና ደግሞ በየሳምንቱ መርዶ ነጋሪ ናት። ቢሆንም ያ ለቅሶ የራሱ ነው፤ ማንም ሳይሰማው የሚያለቅስበት ቦታ ሌላ የለውም። መኪናዋ ማቅለጫ ከገባች ናታን ከአንድ ወር በላይ ቤቱ እንደማይቆይ ሶልያና አልጠፋትም።

ቃሊቲ ያለው የኖላዊ ጋራዥ በከተማው የቀረው የመጨረሻው የቤንዚን ጋራዥ ነው። ኖላዊ የናታን አብሮ አደግ ነው። አባቱ ቶሎ ስለሞተበት አብዛኛውን ልጅነቱን ያሳለፈው ናታን ቤት፣ የናታን እናት በሚያቀርቡት ገበታ ላይ ነው። በኋላም ያፌትን ክርስትና አነሳና አበልጅ ሆነ። ናታን መርሳት ሲጀምር ሶልያና ምሥጢሩን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው፤ ያንንም በርበሬ ውስጥ አስቀምጣው፣ ሞተሯን አስነስታ። ኖላዊ ያን ቀን እንደ ልጅ ነበር ያለቀሰው።

ኮፈኑን ከፍቶ አንዱን ካንዴላ ነቀለና ጥላሸቱን በአውራ ጣቱ ጠረገ።

«ይኸው፣ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ነው የሚወጣው» አለ። «ቱርቦው አየሩን አጭቆ ሲያስገባው ብልጭታው መዝለል ያቅተዋል። ነፋስ ላይ ክብሪት እንደመጫር በይው። የካንዴላውን ክፍተት ባለፈው አጥብቤልሽ አልነበር? እሱ ማስታገሻ ነው። የደከመው ቦቢናው ራሱ ነው።»

ቦቢና የሚሉት እንደ ኖላዊ ያሉ ሽማግሌ መካኒኮች ናቸው፤ ሌላው ሰው ኮይል ይለዋል። የባትሪውን ጉልበት አብዝቶ ካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት የሚያዘልለው እሱ ነው። በርበሬ ባለ አራት ሲሊንደር ስለሆነች አራት አላት።

ኖላዊ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አነጠፈና ሦስት ዓይነት ኮይል ደረደረ። የመጀመሪያው ሽቦው እንደገና የተጠመጠመ የድሮው ዓይነት ነው፤ ዲዳ ነው፣ ግን ያው ደካማ ነው። ሁለተኛው ከመንግሥት መደብር የሚሸጥ አዲስና ብርቱ ነው፤ እንደ ማንኛውም አዲስ ዕቃ ይናገራል። ሦስተኛው ጥቁር፣ ወፈር ያለ፣ አናቱ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ነው።

«ይኼኛው ድሬዳዋ አንድ የተዘጋ መጋዘን ውስጥ የተገኘ ነው» አለ ኖላዊ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዕቃ ሁሉ ይናገር ከሚለው አዋጅ በፊት የተሠራ። ለውድድር መኪና ነው የተሠራው። ብርቱም ነው፣ ዲዳም ነው። ላንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።»

ሶልያና አነሳችው። በወጣትነቷ በዚህችው መኪና ስለተወዳደረች ኮይል እንዴት እንደሚገዛ ታውቃለች።

«እስኪሞላ ስንት ጊዜ ይፈልጋል?»

«ከድሮው ትንሽ ያንሳል እንጂ አይበልጥም።»

«ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሽከረከርስ ለመሙላት ይደርሳል?»

«ይደርሳል። የመሙያ ጊዜውን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

«ከልክ በላይ ከሞላ ይቃጠላላ።»

«ለዚህ እኮ ነው አስተካክለዋለሁ የምልሽ። አንቺ ሴትዮ ዛሬም አልተለወጥሽም» አለና ሳቀ።

ሶኬቱ ከበርበሬ ሽቦ ጋር ይገጥም እንደሆነ አየች። የጎማ እግሩ እንዳልተሰነጠቀ በጣቷ ዳሰሰች። የአራቱንም ክብደት በእጇ መዘነች፤ አንዱ ቀለል ቢል ውስጡ ባዶ ነው ማለት ነው። በአንድ ኮይል ላይ ሊጠየቅ የሚችለውን ሁሉ ጠየቀች።

አንድ ነገር ቀረ። ቦርሳዋ ውስጥ ጉንዳን ነበራት። ጉንዳን ሰዎች በድብቅ የሚገዙት፣ ባቄላ የምታክል ጥቁር ዕቃ ናት፤ ከሚናገር ዕቃ አጠገብ ሲይዟት መዳፍ ውስጥ ትነዝራለች። ሶልያና ያለ ጉንዳን ጫማ እንኳ አትገዛም። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደችና ዚፑ ላይ ቆመች።

አበልጇ ፊት እንዴት ጉንዳን ታወጣለች? «ዲዳ ነው» ብሏታል። ያንን ሰምታ ጉንዳን ማውጣት ማለት «ውሸታም ነህ» ብሎ መስደብ ነው። ዕቃ ሁሉ በሚናገርበት ዘመን እንኳ ይሉኝታ አልሞተም፤ እንዲያውም ሰው ከሰው ጋር የቀረው አንድ ሰንሰለት እሱ ነው ይባል ነበር።

«ኖላዊ ካለ አለ ነው» አለ ናታን ከኋላዋ፣ የድሮ ጎማ ላይ ተቀምጦ። «ምን ታገላብጪዋለሽ?»

ሶልያና እጇን ከዚፑ ላይ አነሳች። «ቀዩን እንግጠመው» አለች።

በቀጣዩ እሑድ መንገዱ ባዶ ነበር። ሶልያና በሦስተኛ ማርሽ ሞቅ አደረገቻት፣ አራተኛ አስገባች፣ ከንፈሯን ነክሳ ረገጠች። ቱርቦው አፏጨ። ሳል የለም። በርበሬ መሬቱን ለቃ የተነሳች እስኪመስል ተወነጨፈች፤ ግራና ቀኝ ያለው ባሕር ዛፍ አንድ ግድግዳ ሆነ። በመስታወት ወደ ኋላ ስታይ ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነገር የለም። ናታን ከፊቱ ያለውን ክሩስኮት በሁለት እጁ እየደበደበ «ነይ በርበሬ! ነይ የኔ ልጅ!» እያለ ጮኸ። ሶልያና እንባዋ መጣ። ደስ አላት፤ ከደስታም ደስታ፣ ለብዙ ጊዜ ያላገኘችው ዓይነት።

ፍጥነቱን ቀንሰው ሲመለሱ ናታን እንደ ልማዱ ጀመረ። ያፌት፣ ቤቱ፣ የሠርጋቸው ቀን። በመጨረሻም እናቱ። ሶልያና ነገረችው። አለቀሰ። እሷም መንገድ ዳር አቁማ አቀፈችው። ሞተሩ እንደተነሳ ነበር፤ አራቱ ኮይሎች ተራ በተራ፣ ሳይሳሳቱ እሳት ያዘልላሉ።

እንዲህ እያለ የተወሰኑ እሑዶች አለፉ።

ከአደራ ቢሮ የመጣችው ልጅ በሩን ያንኳኳችው ናታን ቢጫ ሸሚዙን በለበሰበት ቀን ነው። ትሑት ልጅ ናት። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ ሁለቱንም ጎንበስ ብላ ሰላም አለች፣ ውሃ ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀበለች።

«አባባ፣ ዛሬ ማን ነው?»

«ረቡዕ» አለ ናታን፣ ደረቱን አየት አድርጎ።

«ጎሽ።» ፈገግ አለች። «ሸሚዙ ጥሩ ዘዴ ነው እትዬ ሶልያና። እኛም ወደነዋል።»

ሶልያና ክው አለች። ስለ ሸሚዙ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብለው አያውቁም፤ ያወሩት በርበሬ ውስጥ ብቻ ነው።

«አባባ» አለች ልጅቱ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ባለፈው እሑድ የእናትዎን ነገር ሦስት ጊዜ ነው የጠየቁት። ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ነው ያዘኑት። ይህ ለልብዎ ጥሩ አይደለም። ማረፊያ ቢሆኑ ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይነግርዎትም።»

«እናቴ?» አለ ናታን ወደ ሶልያና ዞሮ። «እናቴ ምን ሆነች?»

ልጅቱ ዓርብ ጠዋት ጉባኤ እንዳለ ተናገረች። ሰው በቤቱ መቆየት የሚችለው ዋስ ካቆመ ነው። ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም ዋስ አይሆኑም፤ ዘመድ ይሸፋፍናል። ከአሥር ዓመት በላይ የሚያውቀው ባዳ፣ በአካል ተገኝቶ «እኔ አለሁለት» ማለት አለበት። ዋስ ካልቀረበ በዚያው ዕለት ይወሰናል፤ ቀጠሮም ይግባኝም የለም። ሁሉንም ነግራ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ስለ ውሃው አመስግና ሄደች።

ሶልያና ጉንዳኗን ይዛ ወደ በርበሬ ወረደች። ኮፈኑን ከፈተች። መዳፏን ወደ መጀመሪያው ኮይል ስታስጠጋ ጉንዳኗ ነዘረቻት። ወደ ሁለተኛው፣ ነዘረቻት። ሦስተኛውንና አራተኛውን ባትሞክር ይሻላት ነበር፤ ግን ሞከረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቀይ ቀለሙን በጥፍሯ ስትፍቀው ከሥሩ የመንግሥት መደብር ማኅተም ብቅ አለ።

ሶልያና ጋራዡ ስትገባ ኖላዊ ገና ከዓይኗ አወቀ። የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ቀለም ቀባህልኝ። ቁጭ ብለህ፣ በብሩሽ፣ አንድ በአንድ ቀባህልኝ።»

«ሶሊ...»

«ሶሊ አትበለኝ! ድሬዳዋ አልከኝ። ላንቺ ብዬ አስቀመጥኩት አልከኝ። እኔ ደግሞ ቂሏ፣ ጉንዳኔን ቦርሳዬ ውስጥ አፍኜ የያዝኩት አንተን እንዳላስቀይም ብዬ ነው! አንተን!»

ኖላዊ ጋራዡ ወለል ላይ ቁጢጥ አለ። ጋራዡን ሊዘጉበት እንደነበር ነገራት። የሚናገር ዕቃ በየመኪናው ካልገጠምክ ፈቃድህ አይታደስም እንዳሉት፣ ኮይሉ የሚሰማው የሞተሩን ጤና ብቻ ነው ብለው እንዳሳመኑት ነገራት። «በያፌት እምላለሁ፣ ሰው የሚሰማ አልመሰለኝም» አለ። «ባውቅ እጄ ይቆረጥ ነበር።»

ሶልያና ልትተፋበት ፈልጋ ነበር። ግን ሽማግሌ ሰው ወለል ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየች። ፈርቷል፣ ተታሏል፣ ሞኝ ሆኗል ብላ አሰበች። ሞኝነት ይቅር ይባላል። ደግሞም ጊዜ አልነበራትም።

«ዓርብ ዋስ ያስፈልገዋል» አለችው። «ሕጉ አበልጅን ባዳ ነው የሚለው። ከልጅነት ጀምሮ የምታውቀው አንተ ነህ። ትቆምለታለህ?»

ኖላዊ መሬት መሬቱን አየ፤ ሶልያና ጸጸት መሰላት።

«እንዴታ» አለ በመጨረሻ። «እቆምለታለሁ።»

ማታ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታቸው ሜላት ሰምታ ወረደች። ከአሥር ዓመት በላይ ጎረቤት ናት፤ ዓርብ ባሕር ዳር ልጇ ዘንድ ልትሄድ ቲኬት ቆርጣለች። «ጉዞውን እተወዋለሁ፣ እኔ ልቁም» አለች። ሶልያና አቅፋ ሳመቻት። «አይ፣ ሂጂ የኔ እናት። ኖላዊ እሺ ብሎኛል። ከአብሮ አደግ የበለጠ ዋስ ከየት ይመጣል?» አለቻት። ሜላት ዓርብ ማለዳ ሄደች።

የጉባኤው ክፍል ብርሃን የሞላበት ነው። ሰብሳቢዋ ጠና ያለች፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ናታን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ ከሶልያናና ከኖላዊ መካከል ተቀመጠ። ያን ጠዋት ጥሩ ነበር። ከጥያቄዎቹ ግማሹን በትክክል መለሰ፤ አንዱን በቀልድ አለፈው፤ ሰብሳቢዋ ሳትቀር ሳቀች። ሶልያና ልቧ ተስፋ አደረገ።

«ዋስ አለ?»

ኖላዊ ተነሳ።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ተመለከተችው። «አቶ ኖላዊ፣ እርስዎ እኮ ዋስ ሊሆኑ አይችሉም። ሲመሰክሩ ተነግሮዎታል።»



«ምን ሲመሰክር?» አለች ሶልያና።

«ዕቃ ይናገራል እንጂ አይመሰክርም» አለች ሰብሳቢዋ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ። «ዕቃው የተናገረውን፣ ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ሰምቶ እውነት ነው ካላለ ማንም ለጉባኤ አይጠራም። ድምፁን ቁጭ ብለው የሰሙት፣ እውነት ነው፣ ይረሳል ያሉት አቶ ኖላዊ ናቸው። የመሰከረ ደግሞ ለመሰከረበት ዋስ አይሆንም።»

ሶልያና ወደ ኖላዊ ዞረች። ሰው አይሰማም ብሎ በልጇ ስም የማለላት ሰው፣ ባሏ በእናቱ ሞት ሲያለቅስ ቁጭ ብሎ አዳምጧል። የእሷንም ድምፅ፣ ናታዬ ስትለው፣ አዳምጧል። እውነት ነው ብሏል።

«ታዲያ ለምን እቆምለታለሁ አልከኝ?» አለችው። «እምቢ ብትለኝ ሜላት ነበረች። ትናንት ማታ እንኳ ብትነግረኝ ሜላት ነበረች! ለምን እሺ አልከኝ?»

«ዓይንሽን እያየሁ እንዴት እምቢ ልበልሽ?» አለ ኖላዊ።

እውነቱም ያው ነበር።

ሶልያና ሰብሳቢዋን ለመነች። ሜላትን በስልክ ልጥራት አለች፤ በአካል መሆን አለበት ተባለች። እስከ ነገ ጊዜ ስጡኝ አለች፤ ቀጠሮ የለም ተባለች። ጉባኤው አልተቆጣትም። ውሃ አመጡላት።

ናታን ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ነበር። ድንገት ፊቱ ጠራ፤ ድሮ ሥራ ቦታ ሲቆጣ የሚታየው ፊት መጣ።

«ኖላዊ» አለ። «አንተ ነህ የነገርካቸው?»

ኖላዊ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እኔን?» ናታን ብዙ ቃላት ፈለገ፣ ያገኘው ጥቂት ነው። «ከእናቴ እጅ እየበላህ አድገህ? ከአንድ ሳህን? እኔን?»

«ናታ፣ ይቅር በለኝ።»

«አልልህም» አለ ናታን። ድምፁ የጠራ፣ ያልተንቀጠቀጠ፣ የሙሉ ሰው ድምፅ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ። ሶልያና በሕመሙ መሃል ኮራችበት። ቢያንስ ይህን ሁለት ሆነው ይሸከሙታል።

የማረፊያው አስታማሚ በር ከፍቶ ገባ። ነጭ የለበሰ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ጎልማሳ ነው። «አባባ፣ እንሂድ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። ናታን እንባውን ጠርጎ ዞረ። ክፍሉን፣ ወንበሮቹን፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ። ዓይኑ ኖላዊ ላይ ሲደርስ ፊቱ በደስታ በራ።

«አንተ! መቼ መጣህ? ስንት ቀን ነው የምፈልግህ!»

ተነስቶ አቀፈው። ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ ትከሻውን በትከሻው ገጨው፣ እንደ ድሮው። ኖላዊ እጆቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ቀሩ።

«ምነው ከሳህ? ቤት አትመጣም እንዴ አሁን?» አለ ናታን። ከዚያ ከኋላው የቆመችው ሚስቱ ትዝ አለችው። እሷን ሲያያት ግን ፊቷ ግራ አጋባው።

«ሶሊ፣ ምን ሆነሻል? አበልጅን ሰላም አትይውም?»

ሶልያና አልተንቀሳቀሰችም።

«ነውር ነው እኮ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ፊት እንዳያሳፍራት ተጠንቅቆ። ጭንቀት በፊቱ ላይ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። «ተጣላችሁ እንዴ? እኔ የማላውቀው ነገር አለ?»

አስታማሚው ጠበቀ። ሰብሳቢዋ ጠበቀች። ናታን ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ ነበር።

«ምንም የለም ናታዬ» አለች ሶልያና።

ወደ ኖላዊ ሄደች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቀኝ ጉንጩን ሳመችው፣ ግራውን ሳመችው፣ እንደገና ቀኙን። ጉንጩ እርጥብ ነበር።

«እንዴት ነህ አበልጅ?» አለችው።

«አሁን ጥሩ» አለ ናታን፤ የአስታማሚውን ክንድ ይዞ፣ እፎይ ብሎ ወጣ።